አረጋውያንን ከመውደቅ ስለ መጠበቅ

ስለ ቤተ ሰብ ጤና በሚጻፍበት ጊዜ አስቀድመው የሚታሰቡት ሕፃናትና እናቶች ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በየቤታችን ሌሎችም አሉ፤ እነርሱም ልጆቻቸውን አሳድገው፣ የልጅ ልጆቻቸውን አይተው፣ ዛሬ ከበር አጠገብ ተቀምጠው የሚመርቁን አባቶችና እናቶች ናቸው። ስለ እነዚህ ሰዎች ጤና ስናስብ የደም ብዛቱና የስኳር በሽታው ትዝ ይለናል እንጂ፣ ብዙዎችን ከአልጋ ላይ የሚያውለው አደጋ፣ ይኸውም መውደቅ፣ እምብዛም ትዝ አይለንም።

አንድ ሽማግሌ ወደቀ ሲባል በየቦታው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ምን ይደረግ፤ እርጅና ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር ርኅራኄ ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን የመውደቁን ምክንያት እንዳንመረምር ያደርገናል። እርጅናን መከልከል አይቻልም፤ መውደቅን ግን ብዙውን ጊዜ መከልከል ይቻላል። ከዚህም የባሰው ሽማግሌው ከወደቀ በኋላ የምንሰጠው መድኃኒት ነው። «ከእንግዲህ ወዲህ አይነሡ፤ የሚፈልጉትን ሁሉ ከተቀመጡበት እናቀርብልዎታለን» እንላለን። ቃሉ ከፍቅርና ከአክብሮት የመጣ ቢሆንም፣ ሽማግሌውን ለሁለተኛው መውደቅ የሚያዘጋጀው ይኸው መሆኑን በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለማወቅ የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣውን ቍጥር መመልከት ይበቃል። በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ከነዚህም ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሳይሞቱ ነገር ግን ሐኪም እስኪያስፈልጋቸው ድረስ የሚጎዱባቸው አደጋዎች በየዓመቱ ከ37 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ይኸው ድርጅት በ2007 ባወጣው መግለጫ ከ65 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል በያመቱ ከመቶው ከ28 እስከ 35 የሚሆኑት እንደሚወድቁ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ሲያልፍም ቍጥሩ ከ32 እስከ 42 እንደሚደርስ አመልክቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ዛሬ ለምሳሌ የምንወስዳት ከተማ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ናት። አማርኛን በመማር ላይ ከሚገኙት የመንግሥት ሠራተኞች አንባቢዎቻችን መካከል በምሥራቅ በኩል የሚያገለግሉ ስለሚኖሩ፣ ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ የሚደርሰውን መንገድ የሚያውቁት ይገኛሉ። ሐርጌሳን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር የሽማግሌ ሥራ በአደባባይ የሚታይ ስለ ሆነ፣ የአንድ ሽማግሌ እግር ከቤት መታሰር ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

በ1988 በተነሣው ጦርነት ሐርጌሳ በመድፍና በአውሮፕላን ተደብድባ አብዛኛው ክፍልዋ እንደ ፈረሰ የታወቀ ነው። በዚያ ጊዜ የወደቀ ሚግ የተባለ የጦር አውሮፕላን ዛሬ በከተማዋ መካከል በሚገኝ አደባባይ ለመታሰቢያ ቆሞ ይታያል። ሕዝቡም ሽማግሌውንና ሕፃኑን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ብዙዎቹ በጅግጅጋ አካባቢ በሐርታ ሼክ የስደተኞች ሰፈር ተቀመጡ፤ ሰፈሩም በ2004 ተዘጋ። ሶማሌላንድ በ1991 ከሶማሊያ መለየትዋን ካወጀች በኋላ እርስ በርስ የተነሣውን ጠብ ያበረዱት የየጎሣው ሽማግሌዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1993 በቦራማ ከተማ ተሰብስበው ለብዙ ወራት ከተነጋገሩ በኋላ ሰላምን መሠረቱ። ጉርቲ የተባለው 82 አባሎች ያሉት የሽማግሌዎች ምክር ቤትም እስከ ዛሬ በሐርጌሳ ይሰበሰባል።

እንግዲህ በ1988 የ35 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። ሶማሌዎች ሽማግሌውን «ኦዳይ» ይሉታል፤ ታናሾቹም ሲያነጋግሩት «አዴር» ይሉታል፤ ትርጓሜው የአባት ወንድም ማለት ሲሆን፣ በአክብሮት በኩል በአማርኛ «ጋሼ» ወይም «አባባ» እንደ ማለት ነው። ይህ ሰው ደመወዝ ባይኖረውም ሥራ አለው። መስጊድ ይሄዳል፤ ከሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ወሬ ይሰማል፤ ሁለት ቤተ ሰቦች በተጣሉ ጊዜ ተጠርቶ ያስታርቃል፤ ልቅሶ ይደርሳል፤ ሙሽራ ይመርቃል። ይህ ሁሉ በእግር የሚሠራ ሥራ ነው። ከቤት ካልወጣ ምክሩን የሚጠይቀው አይኖርም። ስለዚህ የአንድ ሽማግሌ መውደቅ የአጥንት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ አንድ አስታራቂ አጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንመለስ። አማርኛን የሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንወዳለን። አማርኛ «ወደቀ» በሚለው ቃል ብቻ አይወሰንም። «እንዴት ወደቀ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንዱ «እንቅፋት መታው» ይላል፤ ሌላው «አዳለጠው» ይላል፤ ሦስተኛው «ራሱን አዞረው» ይላል፤ አራተኛው «ጉልበቱ ከዳው» ይላል። በአራቱም አነጋገር የወደቀው ሰው ተደራጊ እንጂ አድራጊ አይደለም፤ አድራጊው ድንጋዩ፣ እርጥቡ ወለል፣ ሕመሙ ወይም የደከመው ጉልበት ነው። ይህ የሰዋስው ነገር ብቻ አይደለም። አራቱ ቃላት አራት ልዩ ልዩ ምክንያቶችን ስለሚያመለክቱ፣ ለያንዳንዱም ልዩ መድኃኒት አለው። ስለዚህ የወደቀውን ሽማግሌ ከምናዝንለት በላይ «እንዴት ወደቁ?» ብለን ብንጠይቀው ይጠቀማል።

መጀመሪያው እንቅፋት ነው። እንቅፋት ማለት በሚሄዱበት ጊዜ እግርን የሚመታ ድንጋይ ወይም ሌላ ነገር ነው። በሐርጌሳ ከዋና ዋናዎቹ የአስፋልት መንገዶች ወጣ ሲሉ የየሰፈሩ መንገድ ጠጠርና አሸዋ የበዛበት ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ማሮዲ ጄህ የተባለው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ግን ጎርፍ ይወርድበታል። በዝናብ ጊዜም ጎርፉ መንገዱን እየቦረቦረ ትናንት ደልዳላ የነበረውን ዛሬ ጉድጓድ ያደርገዋል። የከተማውን መንገድ አንድ ቤተ ሰብ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ከበሩ እስከ መንገዱ ያለውን ጥቂት ርምጃ ግን ጠጠሩን ጠርጎ ጉድጓዱን መድፈን ይችላል።

እንዲያውም ብዙው እንቅፋት የሚገኘው በቤት ውስጥ ነው። የበሩ ደፍ፣ ማለት ሲገቡና ሲወጡ የሚረገጠው ከፍ ያለው የበሩ የታችኛው ክፍል፣ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ካለው ለደከመ ዓይን አይታይም፤ በነጭ ቀለም ቢቀባ ግን ይታያል። ጫፉ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ በወለል ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ በመተላለፊያ ላይ የተቀመጠ ጀሪካን፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ ሳይከፈልባቸው የሚነሡ ናቸው። ወንዶቹ በቤት የሚያሸርጡት ሽርጥም ሆነ የሴቶቹ ረጅም ቀሚስ ቍርጭምጭሚትን አልፎ ወለል የሚጠርግ ከሆነ ጥቂት ማሳጠር ያስፈልጋል። ነጠላ ጫማ ተረከዝን ስለማይዝ ለሽማግሌ እግር አይመችም፤ ከኋላ ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ ስስና የማያንሸራትት ጫማ ይሻላል።

እንቅፋቱን የሚያይ ዓይንም ያስፈልጋል። ብዙ አረጋውያን የዓይን ሞራ ሲጋርዳቸው የዕድሜ ነገር ነው ብለው ዝም ይላሉ፤ ነገር ግን በቀላል ቀዶ ጥገና የሚድን ነው። በ2005 በእንግሊዝ አገር በወጣ ጥናት ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴቶች የአንድ ዓይናቸው ሞራ ፈጥኖ በተገፈፈላቸው ጊዜ፣ ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ መውደቃቸው ከመቶው በ34 ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ዓይንን ማስመርመር እግርን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው «አዳለጠው» የተባለው ነው። ይህ ከሁሉ በላይ የሚደርሰው በመታጠቢያ ቦታ ነው። ሙስሊም የሆነ ሰው ከሶላት በፊት ውዱ ያደርጋል፤ ይኸውም እጁን፣ ፊቱንና እግሩን ይታጠባል፤ ሶላቱም በቀን አምስት ጊዜ ነው። የንጋቱ ሶላት ገና ሳይነጋ ስለ ሆነ፣ ሽማግሌው ከእንቅልፉ እንደ ነቃ በጨለማ ተነሥቶ፣ በእርጥብ ወለል ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን እግሩን አንሥቶ ይታጠባል። ወለሉ የሚያብለጨልጭ የሴራሚክ ንጣፍ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ጨለማ፣ እንቅልፍ፣ ውሃና በአንድ እግር መቆም በአንድ ጊዜ የተገናኙበት ከዚህ የበለጠ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ሽማግሌው ተቀምጦ የሚታጠብበት ጽኑ በርጩማ በቦታው ይደረግ። ከመታጠቢያው አጠገብና ከመጸዳጃው ጎን በግድግዳው ላይ የብረት ወይም የእንጨት መያዣ በደንብ ይመታ፤ ፎጣ የሚሰቀልበት ቀጭን ብረት የሰውን ክብደት ስለማይችል መያዣ አይሆንም። ውሃው እንዳይቋጥር መውረጃው ይጠረግ፤ ሻካራ ምንጣፍም ይነጠፍ። ከአልጋው እስከ መታጠቢያው ድረስ መብራት ይኑር፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊትም የእጅ ባትሪ ከትራስ አጠገብ ይቀመጥ። ቆሞ መስገድ ለማይችል ሰውም የእስልምና ሕግ ተቀምጦ እንዲሰግድ የፈቀደለት ስለ ሆነ፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ በወንበር ላይ ቢሰግድ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። በእኛም አገር ካህናቱ በረጅሙ ማሕሌት መቋሚያ የሚይዙት በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛው «ራሱን አዞረው» የሚባለው ነው። ሰው ከተኛበት ሲነሣ ደም ወደ እግሩ ይወርዳል። በወጣትነት ጊዜ የደም ሥሮች ፈጥነው እየጠበቡ ግፊቱን ያስተካክሉታል፤ በእርጅና ጊዜ ግን ይህ ሥራ ስለሚዘገይ ለጥቂት ጊዜ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሽማግሌውም ዓይኑ ይጨልምና ይወድቃል። ስለዚህ ከአልጋ በሚነሣበት ጊዜ መጀመሪያ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ጥቂት አንቀሳቅሶ፣ ራሱ መርጋቱን ካረጋገጠ በኋላ መቆም፣ ከቆመም በኋላ ጥቂት ቆይቶ መራመድ ይገባዋል።

ራስን ከሚያዞሩት ነገሮች አንዱ መድኃኒት ራሱ ነው። የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች፣ የደም ግፊትን የሚቀንሱና ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ የስኳር በሽታ መድኃኒቶችም፣ በተለይ ሦስት አራቱ በአንድነት ሲወሰዱ ሰውን ያንገዳግዳሉ። አንዱን ሐኪም ያዘዘው፣ ሌላውን ጎረቤት የመከረው፣ ሦስተኛው ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ሰብስቦ ለአንድ ሐኪም ማሳየትና «ከዚህ ውስጥ የሚቀነስ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ያመጣል። ውሃ ማነስም ራስን ያዞራል፤ ብዙ አረጋውያን ሌሊት ለሽንት ላለመነሣት ብለው ውሃ አይጠጡም። በረመዳን ጾም ጊዜም መድኃኒት የሚወስድ ሽማግሌ ወሩ ሳይገባ ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ጾም ለሚጎዳው ሕመምተኛ ሃይማኖቱ ፈቃድ ሰጥቶታልና። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆዩት የእኛ አረጋውያንም ምክሩ ይኸው ነው። ጫትም እንቅልፍን ስለሚነሣ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሽማግሌ ጠዋት እግሩ ጽኑ እንዲሆን መጠበቅ አይቻልም።

አራተኛውና ዋናው «ጉልበቱ ከዳው» የሚባለው ነው። በመግቢያችን ላይ የጠቀስነው ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ጡንቻ የሚጸናው በሥራ ነው፤ ሥራ ሲያጣ ይመነምናል። በ2007 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ጤናማ የሆኑ አረጋውያን በፈቃዳቸው 10 ቀን ብቻ በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከእግራቸው ጡንቻ 1 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ወድቆ «አይነሡ» ተብሎ ለወራት የሚቀመጥ ሽማግሌ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያጣ መገመት አያስቸግርም። ከመውደቁ የተነሣ ይፈራል፤ ከመፍራቱ የተነሣ ይቀመጣል፤ ከመቀመጡ የተነሣ ይደክማል፤ ከመድከሙ የተነሣ ለሽንት እንኳ ሲነሣ እንደ ገና ይወድቃል። በሁለተኛው ጊዜ የጭኑ አጥንት አንገት ሊሰበር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው መራመድ የማይችሉት ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ማስቀመጥ ሳይሆን ማንቀሳቀስ ነው። በ2019 በወጣና 108 ጥናቶችን አሰባስቦ ከ23,000 በላይ ሰዎችን በተመለከተ ምርመራ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያደርጉ አረጋውያን መውደቃቸው ከማያደርጉት ይልቅ ከመቶው በ23 ያንሳል። ከሁሉ የሚጠቅመውም ሚዛንን የሚያስጠብቅና የእግርን ጉልበት የሚያጸና ልምምድ ነው። በኒው ዚላንድ አገር በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ልምምድ 80 ዓመት ያለፋቸው ሴቶች በየቤታቸው ሆነው የሠሩት ነው፤ በ1997 የወጣው ውጤቱም መውደቃቸው መቀነሱን አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም 65 ዓመት ያለፈው ሰው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲህ ያለውን ልምምድ እንዲሠራ ይመክራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጽኑ ወንበርና ግድግዳ ብቻ ነው። ወንበሩን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ሽማግሌው በእጁ ሳይደገፍ፣ ካልቻለም ተደግፎ፣ ከወንበሩ ይነሣና ይቀመጥ፤ ይህንንም በየጊዜው እየጨመረ እስከ አሥር ጊዜ ያድርስ። ከዚያም የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተረከዙን ከመሬት ያንሣና ይመልስ። ቀጥሎ አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝና ጣት እንዲነካኩ አድርጎ፣ ግድግዳ ይዞ አሥር እስኪቈጠር ይቁም። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ሰው ከጎኑ ይቁምለት። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ጥቅሙ በጥቂት ወራት ይታያል። ሶላት ራሱ መቆም፣ ማጎንበስ፣ መቀመጥና መነሣት ያለበት ስለ ሆነ፣ ሰውነቱ የሚችል ሽማግሌ ይህን ልማዱን ባይተው ለጉልበቱም ይጠቅመዋል። መስጊድ በእግሩ የሚሄደውን አባት በመኪና ከማድረስ ይልቅ፣ አንድ የልጅ ልጅ አብሮት እንዲራመድ ማድረግ የበለጠ አክብሮት ነው።

ለመራመድ ደግሞ በትር ይረዳል። አማርኛ የበትርን ዓይነት በልዩ ልዩ ስም ይለያል፤ ረጅሙና ቀጥ ያለው ዘንግ ሲባል፣ እጀታው የተቈለመመው ከዘራ ይባላል፤ ለመደገፊያ የተያዘ ማናቸውም በትር ግን ምርኩዝ ነው። ሶማሌዎችም ከዘራ የሚመስለውን በትር «ባኮራድ» ይሉታል፤ የሽማግሌነት ክብር ምልክትም ስለ ሆነ የሚያፍርበት የለም። ይሁን እንጂ ለክብር የተያዘ በትር ሁሉ ለድጋፍ አይሆንም። ሽማግሌው እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም የምርኩዙ እጀታ ከእጁ አንጓ ትክክል መድረስ አለበት፤ ጫፉም እንዳያንሸራትት ጎማ ይደረግለት። አንድ እግሩ የሚያመው ሰው ምርኩዙን የሚይዘው ባልታመመው እግር በኩል ባለው እጁ ነው፤ ብዙ ሰዎች ግን ይህን በተቃራኒው ያደርጉታል።

ከአራቱ ምክንያቶች ሁሉንም በአንድ ቀን ማስወገድ ባይቻልስ? ይህ ተስፋ ሊያስቈርጥ አይገባም። በ1988፣ ሐርጌሳ በተደበደበችበት በዚያው ዓመት፣ ሜሪ ቲኔቲ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም በየቤታቸው የሚኖሩ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 336 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ከአደጋው ምክንያቶች አንዱም ከሌለባቸው መካከል ከመቶው 8 ብቻ ሲወድቁ፣ አራትና ከዚያ በላይ ምክንያት ካለባቸው መካከል ግን 78 መውደቃቸውን አሳይተዋል። ከዚህ የምንረዳው አደጋው ደረጃ በደረጃ የሚከማች መሆኑን ነው፤ የሚከማች ነገር ደግሞ አንድ በአንድ ሊነሣ ይችላል። እኒሁ ሐኪም በ1994 ባወጡት በሌላ ጥናት፣ መድኃኒታቸው ተመርምሮ፣ ቤታቸው ተስተካክሎ፣ ልምምድ ከተሰጣቸው አረጋውያን ውስጥ በዓመቱ የወደቁት ከመቶው 35 ሲሆኑ፣ ይህ ካልተደረገላቸው ውስጥ ግን 47 ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ሽማግሌው ቢወድቅ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር አለመቸኰል ነው። ዙሪያውን ያለ ሰው ሮጦ በብብቱ ይዞ ያነሣዋል፤ የተሰበረ አጥንት ካለ ግን ይህ ያብሰዋል። አስቀድሞ የት እንደሚያመው ይጠየቅ። ራሱን ከተመታ፣ እግሩን ማንቀሳቀስ ካልቻለ፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ ሳይነቀነቅ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ጉዳት ከሌለበትም ራሱ በጎኑ ተገላብጦ፣ በእጁና በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጽኑ ወንበር ተደግፎ ቢነሣ ይሻላል። የወጌሻ እጅ በብዙ ቦታ የታመነ ቢሆንም፣ የጭን አጥንት ስብራት በመታሸት አይድንም፤ እጅግ ጠብቆ የታሰረ መቃም ደምን አግዶ እግርን እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል። በሐርጌሳ ከእንግሊዞች ዘመን ጀምሮ የሚያገለግል ዋና ሐኪም ቤት አለ፤ የቀይ ጨረቃ ማኅበርም የአካል ማገገሚያ አለው። በጦርነትና በፈንጂ እግራቸውን ያጡትን ሰዎች እንደ ገና እንዲራመዱ የማስተማሩ ጥበብ የወደቀውን ሽማግሌ ለማስነሣትም የሚጠቅም ነው።

ከሐርጌሳ ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ በአውሮጳ፣ በአሜሪካና በዐረብ አገሮች ልጆች አሉዋቸው፤ ልጆቹም በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ከገንዘቡ ጋር ግን ሦስት ጥያቄ ቢልኩ መልካም ነው። ልጁ በስልክ «ሆዮ»፣ ማለት «እናቴ»፣ ብሎ ከጠራ በኋላ «ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ ወይ? ሲቆሙ ወይም ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ ወይ? እወድቃለሁ ብለው ይሠጋሉ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። እነዚህ ጥያቄዎች በ2022 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለሐኪሞች መመሪያ አድርገው ያወጡዋቸው ናቸው፤ ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ «አዎን» የሚል መልስ ከተሰጠ፣ ምርመራ ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አረጋውያን መውደቃቸውን ይደብቃሉ። የሚደብቁትም «አይነሡ» መባልን ስለሚፈሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ተስፋው ይቅደም፤ «የምጠይቅዎ ከቤት እንዳይወጡ ለመከልከል ሳይሆን፣ እንደ ልብዎ እንዲወጡ ለመርዳት ነው» ይባሉ።

በመጨረሻም ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች የምናሳስበው ነገር አለ። ሽማግሌ ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ቢሮአችሁ ይመጣል። የደረጃው መደገፊያ የላላ ከሆነ፣ የመጨረሻው ደረጃ ጫፍ የማይታይ ከሆነ፣ ተራ በሚጠበቅበት ቦታ መቀመጫ ከሌለ፣ ወለሉም በሥራ ሰዓት በውሃ የሚታጠብ ከሆነ፣ አደጋው ቤቱን ትቶ ቢሮአችሁ ይጠብቀዋል። መደገፊያ ማጽናት፣ የደረጃውን ጫፍ መቀባትና አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ወደ ቢሮአችሁ የሚመጣውንም ሽማግሌ «ይቀመጡ» ብላችሁ ተቀበሉት፤ ጉዳዩን ፈጽሞ ሲነሣ ግን በርጋታ እስኪቆም ጠብቃችሁ፣ በእግሩ እየሄደ እንዲወጣ መንገዱን አብሩለት።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደ ተባለ፣ ሥራው ዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ከአባታችን ወይም ከእናታችን ጋር ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያው አብረን እንራመድ። እግራቸው የት እንደሚቆም፣ እጃቸው ምን እንደሚይዝ፣ ዓይናቸው ምን እንደማያይ እንመልከት። ነገ ጠዋት ከሚነሡት ነገሮች የመጀመሪያውን በዚያች ጥቂት ርምጃ ውስጥ እናገኘዋለን።